ሰማያዊ ስትሆን አትቸኩሉ፦ የአትክልት ጸረ-ተባይ መፈተሻ ካርድ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ሁለት ክብ ያለባት፣ በብር ወረቀት የታሸገች ትንሽ ካርድ ናት። አንዱ ክብ ነጭ፣ ሌላው ቀይ ነው። በአትክልት ላይ የቀረ ጸረ-ተባይን በ15 ደቂቃ ትለያለች ተብሎ ለምግብ ቤቶች፣ ለተማሪ ምገባ አቅራቢዎችና ለአትክልት አምራቾች ትሸጣለች። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከአቃቂ ማሳ ተለቅሞ ጠዋት ከተማ ለሚገባ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ገንዘቧን ታወጣለች ወይ? ለአንድ ሥራ ታወጣለች፤ ሻጮቹ ለሚሏት ሥራ ግን አታወጣም። ካርዷ ነጭ ሆና ከቀረች ጭነቱን ማቆም ተገቢ ነው። ሰማያዊ ከሆነች ግን አትክልቱ በሕግ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው ብሎ መፈረም አይቻልም። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ካርዷ ምን እንደምታይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች ነርቭን ነው የሚመቱት። ከእነርሱ መካከል ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት ሁለት ቤተሰቦች አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ይይዙታል። በነጩ ክብ ላይ የደረቀው ይኸው ኢንዛይም ነው። በቀዩ ክብ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ ኢንዛይሙ ሲሰነጥቀው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ኢንዛይሙ በሕይወት ካለ ነጩ ክብ ሰማያዊ ይሆናል፤ መድኃኒት ከያዘው ደግሞ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ይህ ነው። ስለዚህ ካርዷ መድኃኒቱን ራሱን አትፈልግም፤ የምትነግረን ኢንዛይሙ መታመም አለመታመሙን ብቻ ነው። ኢንዛይም ደግሞ በብርድም፣ በበረኪናም፣ በነጭ ሽንኩርትም ይታመማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የናሙናውን አፈር አራግፉ፤ አትጠቡት። ቅጠሉን በጎንና ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆራርጡና 5 ግራም መዝኑ። ለዚህ የኪስ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፤ የወጥ ቤት ሚዛን 5 ግራምን በአግባቡ አይይዝም። ክዳን ባለው ጠርሙስ ጨምሩና ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ማሟሚያ 10 ሚሊ ሊትር አፍሱበት። 50 ጊዜ በእጅ ነቅንቁና ቢያንስ 2 ደቂቃ አስቀምጡት። ከላይ ከጠራው ፈሳሽ 2 ወይም 3 ጠብታ በነጩ ክብ ላይ አድርጉ። 37 ወይም 38 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት 10 ደቂቃ ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ክቡ መድረቅ የለበትም። ከዚያ ካርዷን አጥፋችሁ ቀዩን በነጩ ላይ ግጠሙና 3 ደቂቃ በጣት ያዙት። ከፍታችሁ የነጩን ክብ ቀለም አንብቡ። ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ኢንዛይሙ ደህና ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ የጥርጣሬ ምልክት ነው፤ ጨርሶ ካልተለወጠ ብዙ መድኃኒት አለ ማለት ነው።

በየዙሩ አንዲት ካርድ ለባዶ መቆጣጠሪያ ትውላለች፤ ማሟሚያውን ብቻ ጠብ ታደርጉባታላችሁ፣ አትክልት የለባትም። ይህችን ካርድ ለመቆጠብ የሚደረገው ሙከራ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። መቆጣጠሪያዋ ደማቅ ሰማያዊ ካልሆነች የቀሩት ሁሉ ውጤት አይደሉም፤ ወይ ጠብታው አንሷል፣ ወይ ክቡ ደርቋል፣ ወይ ሙቀቱ ወርዷል፣ ወይ ካርዷ ሞታለች። እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ መፈተሽ ስለሚገባ አንድ ጭነት ለማየት የሚወጣው ሦስት ካርድ ነው። ሳጥኑ 100 ካርድ ቢይዝ 100 ጭነት አይደለም የሚፈትሸው፤ ዋጋውን ስታሰሉ የካርዱን ቁጥር በሦስት አካፍሉ።

ሱሉልታ ላይ ካርዷ የምትዋሸው ከሁሉ በላይ በብርድ ነው። አካባቢው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ይጥላል። አትክልት ደግሞ የሚለቀመውና የሚጫነው በማለዳ ነው። በ10 ዲግሪ ብርድ ውስጥ መኪና ኮፈን ላይ የተዘረጋች ካርድ 10 ደቂቃ ብትቆይም ኢንዛይሙ እንደተኛ ነው። ሁሉም ካርድ ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ ሰላጣ ይመለሳል፤ ገበሬውና ገዢው ይጣላሉ። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ውስጥ 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውኃ ጨምሩ፤ ካርዶቹን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ውስጡ አንጠልጥሉ፤ የክሊኒክ ቴርሞሜትር ካለ ሙቀቱን በእርሱ ተከታተሉ። ይህ ካልተቻለ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል። ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው መቆጣጠሪያ ካርዷ ናት፦ በጣት ተይዛ በ3 ደቂቃ ሰማያዊ የምትሆንበት የቆይታ ጊዜ ለናሙናዎቹም የሚሰጣቸው ጊዜ ነው። አቃቂና ገላን ዝቅ ያሉና ሞቅ ያሉ ስለሆኑ ከሰዓት በኋላ ችግሩ ይቀላል፤ እዚያ ግን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ክብ ቶሎ ይደርቃል።

ማሟሚያው ሲያልቅ በቧንቧ ውኃ የሚተካ ሰው አለ። አያስኬድም። ማሟሚያው አሲዳማነቱ (ፒኤች) 7.5 ላይ የተያዘ የፎስፌት ውሕድ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚሠራው በዚህ መጠን ነው። በላቦራቶሪ የሚዘጋጀው 15.0 ግራም ባለ12 ውኃ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌትና 1.59 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በ500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ አሟሙቶ ነው። የባትሪ ውኃ ተብሎ የሚሸጠው አሲድ የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል አይታመንም፤ የፋርማሲ የተጣራ ውኃ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። የከተማ ምግብ ቤቶች ሰላጣን በበረኪና፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ ያጥባሉ፤ ጀርምን ለመከላከል መልካም ልማድ ነው። ካርዷ ግን ክሎሪንንና አሲድን ከመድኃኒት አትለይም፤ ሁለቱም ኢንዛይሙን ያዳክሙታል። ከታጠበ በኋላ የሚፈተሽ ሰላጣ ነጭ ካርድ ካወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በረኪናው ነው። ፈተሻው ዕቃው ከመኪና ሲወርድ፣ ማጠቢያ ሳይነካ መደረግ አለበት።

በተፈጥሯቸው ካርዷን የሚያሳስቱ አትክልቶችም አሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሰለሪ፣ እንጉዳይና የቲማቲም ጭማቂ ኢንዛይሙን የሚነካ ንጥረ ነገር አላቸው። እነዚህ ሲቆራረጡ ጭማቂው ይወጣና ምንም ሳይረጭባቸው ነጭ ካርድ ያወጣሉ። ስለዚህ አይቆረጡም፤ ሙሉውን ቲማቲም ወይም ሙሉውን የባሮ ግንድ በማሟሚያው ማራስና የላዩን ብቻ መፈተሽ ነው። አረንጓዴው የከበደ የሐበሻ ጎመንም ቢሆን ሲደቅ ቀለሙ ክቡን ስለሚያጠቁር እንዲሁ በሙሉ ቅጠሉ ይሠራል፤ ቀይ ሥርማ ተቆርጦ ከሆነ ቀለሙን ማንበብ ዘበት ነው። የዚህ ዘዴ ጉድለት ግልጽ ነው፦ የላዩን ታያላችሁ፣ ወደ ውስጥ የዘለቀውን አታዩም። ዳይሜቶኤትን የመሰለ በተክሉ ደም ሥር የሚዘዋወር መድኃኒት ደግሞ ሀብቱ ውስጥ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ግን አንድ ጥቅም አለው። አዲስ ሳጥን ስትከፍቱ የአንድ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ጭማቂ በማሟሚያ አቅጥናችሁ ፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ካርዷ ትነጣለች ወይም ትፈዛለች። ምንም ሳትነካ ደማቅ ሰማያዊ የሆነች እንደሆነ ካርዷ መንጣት ትችላለች ወይ የሚለውን በላቦራቶሪ ሰው ማስጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ካርዷ ጨርሶ የማታያቸው መድኃኒቶች።

በመርጫ ፓምፕ ውስጥ የሚገባውን አስቡት። ለቲማቲምና ለድንች ዋግ ማንኮዜብ፣ ወይም ከሜታላክሲል ጋር የተቀላቀለው ሪዶሚል ይረጫል። ሁለቱም የፈንገስ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኢንዛይሙን በዚህ መንገድ ስለማይዙ ካርዷ ሰማያዊ ትሆናለች። ካራቴ በሚል ስም የሚታወቀው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን፣ ዴልታሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን የፓይረትሮይድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሚመቱት ሌላ የነርቭ በር ነው፤ ካርዷ ሰማያዊ ትሆናለች። ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ለቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ የሚረጨው ክሎራንትራኒሊፕሮል፣ ስፒኖሳድ፣ የአረም መድኃኒቶቹ ግላይፎሴትና ቱ-ፎር-ዲ፦ ሁሉም ሰማያዊ። እንደ ዲዲቲ ያሉት አሮጌዎቹ ክሎሪናማ መድኃኒቶችም በዚሁ መንገድ ያመልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ያገኘቻቸው ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ከዚህ ወገን ናቸው፤ ያን ቡና በዚህች ካርድ የፈተሸ ሰው አንዳች ችግር አያይም ነበር።

ከኦርጋኖፎስፌቶቹ ውስጥም ቢሆን ካርዷ ሁሉንም እኩል አታይም። ማላታዮን፣ ዳይሜቶኤት፣ ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ ሰልፈር የያዙ ናቸው። በዚያ መልካቸው ኢንዛይሙን እምብዛም አይዙትም። በነፍሳቱ አካል ውስጥ ገብተው ሰልፈሩ በኦክስጅን ሲተካ ነው ጥርስ የሚያወጡት። በላቦራቶሪ ይህን ለውጥ በብሮሚን ውኃ ማስመሰል ይቻላል፤ በሳጥኑ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጠርሙስ አይመጣም። ካርዷ ጥሩ አድርጋ የምትይዘው ዳይክሎርቮስንና ጠንካራዎቹን ካርባሜቶች ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ካርዷ የወጣችው ከቻይናው የፈጣን ፈተሻ ደረጃ ነው፤ እዚያ የተቀመጡት የመለየት አቅሞች በኪሎ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይገልጻሉ። ለዳይክሎርቮስ 0.3፣ ለካርቦፊዩራን 0.5፣ ለዳይሜቶኤት 1.3፣ ለማላታዮን 2.0፣ ለካርባሪል 2.5 ነው። ከዚያ በታች ያለ ቅሪት ካርዷን አይነካትም። በሌላ ወገን ደግሞ የሕግ ወሰኖችን አስቀምጡ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ ለማላታዮን በቲማቲም ላይ የፈቀደው 0.5 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ስለዚህ ከወሰኑ ሦስት እጥፍ የሆነ 1.5 ሚሊግራም ማላታዮን የያዘ ቲማቲም ካርዷን ሰማያዊ አድርጎ ያልፋል። አውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 396/2005 የተለየ ወሰን ላልተሰጠው ማንኛውም መድኃኒትና ሰብል 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ያዛል፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ተመሳሳይ 0.01 ታስከብራለች። ክሎርፓይሪፎስን አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 ካገደች በኋላ በየሰብሉ ያለው ወሰን ወደዚሁ 0.01 ወርዷል። የዳይሜቶኤት ወሰንም በአብዛኛው ወደዚሁ ወርዷል። ካርዷ ለዳይሜቶኤት የምትነቃበት 1.3 ከአውሮፓው 0.01 ጋር ሲነጻጸር 130 እጥፍ ነው። ለውጭ ገበያ ፎሶሊያ ወይም ቅመም የሚልክ ሰው በዚህች ካርድ ተማምኖ ኮንቴይነር ቢዘጋ ጭነቱን የሚመልስበት የገዢው ወደብ ነው።

ወሰን ሲባል ብዙዎች በስህተት የመመረዝ መጠን አድርገው ይወስዱታል። ወሰኑ የሚነሳው መድኃኒቱ በመለያው በታዘዘው መጠንና ጊዜ በትክክል ቢረጭ በመከር ቀን ምን ያህል ይቀራል ከሚለው የማሳ ሙከራ ነው፤ ከዚያ የተመጋቢው የቀን ቅበላ ጤናን የማይጎዳ መሆኑ ይረጋገጣል። ስለዚህ ወሰን ያለፈ ሰላጣ የበላ ሰው ወዲያው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ማሳው ላይ መለያው አልተከበረም ማለት ነው። በአገራችን የጸረ-ተባይ ቁጥጥር ሕግ ያልተመዘገበ መድኃኒት ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል፤ ምዝገባው በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። መለያው ላይ መጀመሪያ የሚታየው እንግዲህ የምዝገባው ቁጥር፣ የተፈቀደለት ሰብልና ከመከር በፊት የሚጠበቁት ቀናት ነው። ለጥጥ የተመዘገበ መድኃኒት ቆስጣ ላይ ሲረጭ የቆስጣ ወሰን የሚባል ነገር ስለማይኖረው የተገኘው ጥቂትም ቢሆን ጥፋት ነው።

ታዲያ ካርዷ ለምን ትጠቅማለች? ለማሳ ዳር። ሰላጣና ቆስጣ ከክብደታቸው አንጻር ሰፊ ገጽ ስላላቸው የተረጨውን ይሸከማሉ፤ ጥቅል ጎመን አብዛኛውን በውጭ ቅጠሎቹ ይይዛል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ እየተለቀሙ በየሳምንቱ ይረጫሉ፤ ርጭትና ለቀማ አንድ ቀን ላይ የሚገናኙት እዚህ ነው። ትናንት ማታ የተረጨ ጠንካራ ካርባሜት ወይም ዳይክሎርቮስ ካለ ካርዷ ትይዘዋለች። ሰብሳቢው ነጋዴ ከማሳው ዳር ሁለት ናሙና ፈትሾ ነጭ ካወጣ ለቀማውን ለአምስት ቀን ማዘግየት ይችላል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በዚህ ሥራዋ ጥሩ ምልክት ይገባታል።

ቀናቱ ለምን እንደሚያስፈልጉ በአንድ ምሳሌ እንይ። በርጭቱ ቀን በቅጠሉ ላይ 4 ሚሊግራም በኪሎ አለ፤ መድኃኒቱ በ3 ቀን በግማሽ ይቀንሳል እንበል። በ3ኛው ቀን 2፣ በ6ኛው 1፣ በ9ኛው 0.5፣ በ12ኛው 0.25 ይሆናል። ከ2.0 ጀምሮ የምትነቃ ካርድ ከ3ኛው ቀን በኋላ ሰማያዊ ትሆናለች። 0.5 ወሰን ላይ የሚደረሰው በ9ኛው ቀን ነው። 0.01 ላይ ለመድረስ ደግሞ 26 ቀን ገደማ ይፈጃል። ሦስት ሰዎች ያንኑ ማሳ አይተው ሦስት የተለያየ ቀን የሚሉት ለዚህ ነው። በደጋው ብርድና በደመና ቀን መድኃኒቱ የሚፈርሰው ዘግይቶ ነው፤ በዝናብ የላዩ ይታጠባል፤ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ደግሞ ዝናቡም የፀሐዩም ጉልበት ስለሌለ ይቆያል።

መነሻው 4 ይሁን 8 የሚለው ደግሞ የሚወሰነው ፓምፑ ላይ ነው። መለያው ለሄክታር 1 ሊትር መድኃኒት በ400 ሊትር ውኃ ቢል፣ 16 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ፓምፕ 25 ጊዜ ይሞላል፤ ለአንድ ፓምፕ የሚገባው 40 ሚሊ ሊትር ነው። ሩብ ሄክታር ለሆነ ማሳ ጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር፣ ስድስት ፓምፕ ከጥቂት። ችግሩ መለኪያው የጠርሙሱ ክዳን መሆኑ ላይ ነው፤ ክዳን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ አንድ ለመንገድ ተብሎም ይጨመራል። ባለ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሁለት ጊዜ መሳብ ችግሩን በጥቂት ብር ይፈታዋል። የአፍንጫው ቀዳዳ ያረጀ ፓምፕ ደግሞ ልኩ ትክክል ቢሆንም በአንድ ተራ ላይ እጥፍ ያፈሳል፤ በንጹሕ ውኃ ለ1 ደቂቃ ረጭቶ የወጣውን መለካትና ከአዲስ አፍንጫ ጋር ማነጻጸር ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ከካርዷ ይልቅ ውጤቱን ይወስናል። አንድ ቅጠል ከመኪናው በር አጠገብ አንስቶ መፈተሽ የዕድል ጨዋታ ነው። የኮዴክስ የናሙና መመሪያ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ጭነት ከ3 ቦታ፣ ከ50 እስከ 500 ኪሎ ከ5 ቦታ፣ ከዚያ በላይ ቢያንስ ከ10 ቦታ እንዲወሰድ ይላል። እንደ ቲማቲም ላሉ መካከለኛ ፍሬዎች ቢያንስ 10 ፍሬ፣ ክብደቱም 1 ኪሎ፤ እንደ ጥቅል ጎመን ላሉ ትላልቆች ቢያንስ 5 ራስ፣ 2 ኪሎ። ከጎመኑ የሚወገደው የበሰበሰውና የጠወለገው ቅጠል ብቻ ነው፤ የውጭ ቅጠሉን ልጦ ውስጡን መፈተሽ ራስን ማታለል ነው። ካሮትና ድንች አፈሩ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፤ ቅጠላ ቅጠል አይነካም። በኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ የሚወርደው ጭነት አንዱ ጆንያ ከአንዱ ማሳ፣ ሌላው ከሌላው የሆነበት ጊዜ ስላለ፣ ከየማሳው ለየብቻ ካልተወሰደ የሚገኘው የሁሉም ቅልቅል ነው፤ አንዱ ጆንያ የወሰኑን አምስት እጥፍ ቢይዝ በሌሎቹ አራት ንጹሕ ጆንያዎች ውስጥ ይደበቃል።

አንድ ማስገንዘቢያ ለአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት፦ የወንዙ ውኃ የሚያመጣውን ከባድ ብረትም ሆነ ጀርም ካርዷ አታየውም። ሰማያዊ ካርድ የያዘ ሻጭ ስለ ውኃው የተጠየቀ እንደሆነ ካርዱን ማሳየቱ መልስ አይሆንም።

በተጓዳኝ ከሚሸጡት ነገሮች መራቅ የሚገባው ብዕር መሰል መሣሪያ ነው። ጫፉን ቲማቲም ላይ ወግተውት ቁጥር ያወጣል። የሚለካው የጭማቂውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ነው፤ ከዚያ ስለ ናይትሬት ይገምታል። ለጸረ-ተባይ ምንም አይልም። ጨው የተነሰነሰበት ንጹሕ ዱባ በእርሱ ዘንድ አደገኛ ነው። የጠረጴዛ ማሽኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም የሚጠቀመው ይኸንኑ ኢንዛይም ነው፣ ግን ቀለሙን በዓይን ፈንታ በ412 ናኖ ሜትር ብርሃን ያነባል፤ ኢንዛይሙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከታፈነ ነጋቲቭ አይልም። የዓይን ክርክር ይቀራል፤ የማያየው ግን ካርዷ የማታየውኑ ነው። ለአንድ መድኃኒት ብቻ የተሠሩ፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር የሚነበቡ ስትሪፖችም አሉ፤ ለክሎርፓይሪፎስ ወይም ለኢሚዳክሎፕሪድ ከካርዷ በእጅጉ ይነቃሉ፤ ማሳው ላይ ምን እንደተረጨ ካወቃችሁ ዋጋ አላቸው።

ወሰንን በሚመለከት የሚፈረምበት ወረቀት ግን ከላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚወጣው። አሠራሩ በአጭሩ፦ 10 ግራም የተፈጨ ናሙና፣ 10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል፣ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ከሲትሬት ጋር፤ ይነቀነቃል፣ ይሽከረከራል፣ ይጣራል፣ ከዚያ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን በሚለዩት ኤልሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስና ጂሲ-ኤምኤስ/ኤምኤስ በተባሉ ማሽኖች ይነበባል። ናሙናው ሲሰጥ አራት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የትኞቹ መድኃኒቶች አሉ? ዝቅተኛው የሚለካው መጠን 0.01 ይደርሳል? ለዚሁ ሰብልና ለዚሁ ዘዴ በዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ ብቃት ደረጃ በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 ዕውቅና አለ ወይስ ዕውቅናው ለሌላ ምርመራ ነው? ማንኮዜብስ ይካተታል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፦ ማንኮዜብና ግላይፎሴት በዚህ የጋራ ዘዴ አይወጡም፤ ለብቻ ይታዘዛሉ፣ ለብቻ ይከፈላሉ። የቲማቲም ምርመራ ወረቀት ስለ ማንኮዜብ ዝም ካለ አልተገኘም ማለት ላይሆን ይችላል፤ አልተፈለገም ማለትም ሊሆን ይችላል። ናሙናው ሳይታጠብ፣ በአዲስ ፕላስቲክ፣ በበረዶ ሳጥን በዚያው ቀን ይድረስ። ጆንያና ያገለገለ ማዳበሪያ ከረጢት የቀድሞውን ይዘት ይዞ ስለሚመጣ አይሆንም።

ካርዷን ለመግዛት የወሰነ ሰው ሱቁ ውስጥ የሚያየው እንግዲህ ይህ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ነው የተቀመጠችው ወይስ መደርደሪያ ላይ? ኢንዛይም ስለሆነች ቀዝቃዛ ቦታ፣ 4 ዲግሪ ገደማ ትፈልጋለች፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከበረዶ ጥቅል ጋር ትቀመጥ። የተመረተችበት ቀን ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ቅናሽ ቢኖርም አትግዙ። የብር ወረቀቱ ተበስቶ፣ ነጩ ክብ ከወዲሁ ሰማያዊ ጥላ ካለው እርጥበት ገብቶበታል። ማሟሚያው በዱቄት ነው ወይስ በፈሳሽ? ዱቄቱ ይቆያል፤ ፈሳሹ ደመና ከመሰለ ይጣላል። ከሳጥኑ ውስጥ አንዲቱን እዚያው አስከፍታችሁ በማሟሚያ ብቻ ፈትሹ፤ በጣት ሙቀት በ3 ደቂቃ ደማቅ ሰማያዊ ካልሆነች ሳጥኑን መልሱ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሻላል።